ጥላ የምትዘል ልጅ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4፣ ሆኒያራ

ዋና ከተማው ገባን። መርከቡ መንገዱን ሁሉ ሲያንገላታን ነበር። ያስመለሰው እኔን ነው፣ ቲርዛማ ምንም አልሆነችም። ጀርባዬን እየደባበሰች "አይዞሽ እማ፣ ማዕበሉ እየደከመው ነው" ትለኛለች። በጆሮዋ ሰምታ ነው። እውነትም ትንሽ ቆይቶ ባሕሩ ጸጥ አለ።

ያረፍነው የአክስቴ ልጅ ማድሊን ቤት ነው። ቤቱ ኮረብታው ወገብ ላይ በረጃጅም ግንዶች የቆመ ነው፤ ከሥሩ ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ውሻ ይተኛል፣ ሰው ያወራል፤ የሚወራው ሁሉ በወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። "የኔ ቤት ሆቴል ነው" አለች ማድሊን ሻንጣዬን እየተቀበለች፤ "ቁርሱን ብቻ ራስሽ ትሠሪያለሽ፣ ለኔም ጭምር።"

ይኼን ደብተር የጀመርኩት ለሄዝሮን ነው። ባሌ አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ እርሻ ላይ ነው። ልጁ ማየት ስትጀምር ካልነበረ፣ ሲመጣ ቁጭ ብሎ እንዲያነበው ብዬ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ቲርዛ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ነጭ ሞራ አለ። ቀንን ከማታ ትለያለች፤ መስኮት በየት በኩል እንዳለ ታውቃለች። ሌላውን ዓለም የምታውቀው በጆሮዋ፣ በጣቷና በአፍንጫዋ ነው።

አባቷ ይኼን ያውቃል። ግን መጻፉ ደስ አለኝ፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የማወራው መሰለኝ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ሐኪሟን አገኘናት። ዶክተር ቶዛካ ሲሉኝ ወንድ መስሎኝ ነበር፤ ሴት ናት፣ ያውም እንደ እኛ የምዕራብ ደሴቶች ሰው። በትንሽ መብራት የቲርዛን ዓይን ብዙ አየች።

"የሎሚ ሽታ አለሽ" አለቻት ቲርዛ።

"ሳሙናው ነው። አፍንጫሽን ባገኝ ኖሮ መሣሪያ አልገዛም ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሞራውን አወጣና በቦታው ንጹሕ ሌንስ አስገባለሁ። ያ የኔ ሥራ ነው፣ ቀላሉም እሱ ነው። አስቸጋሪው ከዓይኗ ጀርባ ያለው ነው። አእምሮዋ እስከ ዛሬ ጥርት ያለ ሥዕል ደርሶት አያውቅም። ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግበት እኔም አላውቅም።"

"ታየኛለች?"

"ብርሃን ታያለች፤ ቅርጽ ታያለች። አንቺን ማየትና አንቺን ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው፣ እህቴ።"

ስንወጣ በር ላይ አንዲት ነርስ ለጓደኛዋ "በዘጠኝ ዓመቷ? ታዲያ ከእንግዲህ ምን ልታይ?" ስትል ሰማሁ። ቲርዛም ሰምታለች።

ገና ድክ ድክ ስትል ላምጣት ብዬ ነበር። አማቴ እማማ ሎይስ "እግዜር የሸፈነውን ሰው አይገልጥም" አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። እሳቸው ላይ ማላከክ ይቀላል። የኔስ አፍ የት ነበር?

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ሄዝሮን ደወለ!

ገና ስሜን ሲጠራ ብድግ አልኩ። ትልቅ ሴት፣ የልጅ እናት፣ የትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ስልክ ይዤ እንደ ኮረዳ ጓሮ ሮጥኩ። መስመሩ ይቆራረጣል። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። "ማነው?" ብለው "አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቪዲዮ እያየ ነው" አለ። እዚያ ያሉት ወጣቶች ከስልክ ዓይናቸውን አይነቅሉም ማለት ነው። ለቀዶ ጥገናው መምጣት አልቻለም፤ አለቃው እምቢ ብሎታል፣ እንጆሪ የሚለቀምበት ጊዜ ነው።

ማታ እራት ላይ ይኼን ስነግራቸው ሮድሪክ፣ የማድሊን ባል፣ ከሳህኑ ቀና አለ። እሱም እዚያው አገር ሠርቶ ተመልሷል። "እንጆሪ? በዚህ ወር?" አለ። ማድሊን በጠረጴዛው ሥር በእግሯ መታችው መሰለኝ፤ "ዓሣህን ብላ" አለችው።

ሮድሪክ የነበረበት እርሻ ሌላ ነው። እርሻና እርሻ አንድ አይደለም።

ያወራነው ትንሽ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ አበራልኝ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ቀኝ ዓይኗ። አለቀ። ደህና ናት። ሲወስዷት እጄን አልጨበጠችም፣ እኔ ነኝ የጨበጥኳት። ፋሻው ነገ ይፈታል። ለሄዝሮን መልእክት ላክኩ፤ ገና አላየውም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ዛሬን እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ለዚህ ቀን የገና ቀሚሴን ለብሻለሁ፣ ቀዩን። ፀጉሬን አበጥሬ አበባ ሰክቻለሁ። ዶክተሯ ፋሻውን ስትፈታ አልጋዋ ፊት ለፊት ቆሜ፣ መጀመሪያ የምታየው እኔን እንዲሆን ብዬ፣ እስትንፋሴን ይዣለሁ። ቲርዛ ዓይኗን ከፈተች፤ ወዲያው ጨፈነች፤ "ያቃጥላል!" ብላ ጮኸች። እንደገና ከፈተች። እንባዋ ይወርዳል። ወደ እኔ አቅጣጫ አየች።

"ምን ይታይሻል?" አለቻት ዶክተሯ።

"ነጭ… ነጭ ነገር። መሃሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ አለ።"

ቀዳዳው እኔ ነበርኩ። ከጀርባዬ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ባሻገር ባሕሩ በፀሐይ ይንቦገቦጋል። እኔ ጥቁር ሴት በዚያ ሁሉ ብርሃን ፊት ቆሜ ለልጄ ቀዳዳ መሰልኳት። ዶክተሯ ክንዴን ይዛ ግድግዳው ፊት አቆመችኝ።

"አሁንስ?"

ክፍሉ ውስጥ ነርሷ አለች፣ ዶክተሯ አለች፣ ማድሊን አለች፣ እኔ አለሁ። ቲርዛ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ፊቷን ታዞራለች።

"እማ" አለች በመጨረሻ፣ "አንቺ የቱ ነሽ?"

"እዚህ ነኝ" አልኩ። ድምፄን ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘረጋች፤ ፊቴን ዳበሰች፣ አበባዬን አሸተተች፣ አቀፈችኝ። ዓይኗን ጨፍና ነው ያቀፈችኝ።

ዶክተሯ ነግራኝ ነበር። ነግራኛለች። ግን ሰው ጨካኝ ነው፤ ልጄ ብርሃን ባየችበት ቀን እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስላላወቀችኝ አኮረፍኳት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አኮረፍኩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ግራ ዓይኗም። ዝናብ። መልእክቴን ሄዝሮን አይቶታል፤ አልመለሰም። ሥራ ላይ ይሆናል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

መነጽር ሰጧት። ወፍራም ነው፤ ዓይኗን የጉጉት ዓይን ያስመስለዋል። የማድሊን ልጆች ከበው ሳቁባት። "ስቁ" አለቻቸው፣ "ጥርሳችሁን እያየሁ ነው፣ የፒተር ጎደሎ ነው!" ፒተር አፉን ጨፈነ።

ግን አንድ ነገር አስጨንቆኛል። ጥላ ትዘላለች። የደረጃው ምሰሶ ጥላውን መሬት ላይ ሲጥል ጠርዙ ላይ ትቆማለች፣ በእግሯ ጣት ትፈትሻለች፣ ከዚያ እንደ ቦይ ትዘለዋለች። ጉድጓድ ነው የሚመስላት። ጠቆር ያለ ነገር ሁሉ ጥልቅ ይመስላታል። ዛሬ የዛፍ ጥላ ውስጥ ገብቼ ዘፍኜ ጨፍሬ "አየሽ፣ አልሰጥምም" አልኳት። "አንቺማ ዋና ትችያለሽ" አለችኝ።

ዓይኗ በሞራ ተሸፍኖ ሳለ በመንደራችን በማሮቮ ድንጋይ ሁሉ ላይ ስትሮጥ የኖረች ልጅ አሁን ዓይኗን ከፍታ በእጅ ነው የምትመራው። ምን አደረግኋት?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ሆስፒታል ሳላ የምትባል ፊጂያዊት መጣች። ሐኪም አይደለችም፤ ዓይንና አእምሮ እንዴት እንደሚነጋገሩ የምታጠና ናት። ትልቅ ሴት፣ ትልቅ ሳቅ። ዘግይተው ማየት የጀመሩ ልጆችን ታነጋግራለች። "ጨዋታ ነው፣ ፈተና አይደለም" አለች። ፈተና የሆነ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚባለው፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲሁ ነው የምላቸው።

ሰኞ ኑ ተብለናል። ብትወድቅስ?

ሰኞ፣ ማርች 3

አሁን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፍ።

ሳላ መጀመሪያ እኔን ጠራችኝና አንድ ግራጫ ካርቶን አሳየችኝ። በመቀስ ሁለት ትንንሽ አራት ማዕዘን አድርጋ ቆረጠችው። ዓይኔ እያየ፣ ከአንዱ ካርቶን። "ምስክር ነሽ" አለችኝ። ከዚያ ከቲርዛ ጀርባ፣ ጠረጴዛው የማይታይበት ጥግ ላይ አስቀመጠችኝ። "እናቶች በትንፋሻቸው መልስ ይናገራሉ" አለች።

ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ አድርጋ "የቱ ይበልጥ ብሩህ ነው?" አለቻት።

"እኩል ናቸው።"

ጎበዝ፣ አልኩ በሆዴ። ከዚያ በእውነት የሚለያዩ ካርቶኖች አመጣች፤ ቲርዛ ለይታ ነገረቻት። ደረቴ ላላ። ከዚያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

"አሁን ደግሞ እነዚያን የመጀመሪያዎቹን መልሻቸዋለሁ። የቱ ይበልጥ ብሩህ ነው?"

ቲርዛ መነጽሯ ጠረጴዛውን እስኪነካ አጎነበሰች። "ይኼ። የግራው ይነጣል።"

ሲቆረጡ አይቻለሁ፤ እኩል ናቸው፤ አሁን ራሷ እኩል ናቸው ብላለች። ሳላ ደግማ ጠየቀቻት፣ ቦታ ቀያየረችባት፣ ቲርዛ ደጋግማ ተሳሳተች። የነርሷ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከእንግዲህ ምን ልታይ። ተነሥቼ "ይብቃ፣ ደክሟታል" ልል ስል ሳላ ጠረጴዛውን ደበደበች፤ ትስቃለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ነይ እናቷ! ነይ እዪ!"

ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ወረቀት ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ መሃል ለመሃላቸው አንዳንድ ግራጫ ካርቶን። ጥቁሩ ላይ ያለው ነጣ ያለ፣ ነጩ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ነው።

"ይኼማ ሌላ ካርቶን ነው" አልኩ፤ "ቀይረሽዋል።"

ሳላ ምንም ሳትል ሁለቱን ወረቀት ከሥራቸው ሳበች። ካርቶኖቹ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ቀሩ። አንድ ዓይነት። መልሳ ወረቀቶቹን አስገባች፤ ተለያዩ። እያወቅኩ ተለያዩብኝ።

"ተሳሳትኩ እንዴ?" አለች ቲርዛ።

"ተሳሳትሽ፣ የኔ እመቤት! እንደ እናትሽ ተሳሳትሽ፣ እንደ እኔ ተሳሳትሽ፣ እንደ ፊጂ ሕዝብ በሙሉ ተሳሳትሽ!" ሳላ ጉንጯን ሳመቻት። "ባትሳሳቺ ነበር የማዝነው።"

ከዚያ ዳቦ እየቆረሰች አስረዳችን። ዓይን ብርሃን አይለካም፤ ያወዳድራል። ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት እንደ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ብዙ ብርሃን ሲደርሰው የጎረቤቱን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ነጭ ወረቀት ላይ ያለው ግራጫ ዙሪያውን በጯሂ ጎረቤት ተከቧል፤ ድምፁ ይዋጣል። ጥቁር ላይ ያለውን ማንም አይጫነው፤ ይሰማል። አእምሮም ከላይ የራሱን ግምት ይጨምርበታል።

"እኛ ስንከራከር የኖርነው" አለች፣ "ሰው እንዲህ የሚታለለው ብዙ ዘመን ሲያይ ኖሮ ስለለመደ ነው ወይስ ዓይኑ ሲሠራ ጀምሮ ነው በሚል ነው። ልጅሽ ትናንት ማየት ጀምራ ዛሬ ተታለለች። አንድ ልጅ ማስረጃ አትሆንም፤ ግን ሌሎችም አሉኝ።"

"ማለት…" አልኩ።

"ማለት ዓይኗ የሰው ዓይን ነው። ሥራውን ጀምሯል።"

እስከ አውቶቡሱ ድረስ ቲርዛ "ተሳሳትኩ፣ ተሳሳትኩ" እያለች እየዘፈነች ሄደች፤ ሰዉ ያየናል። ወዲያው ለሄዝሮን ልደውል አልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣውም። አብሮኝ እንዲስቅ የፈለግኩት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ማድሊን ስቃለች፣ ሮድሪክ ስቋል። ግን እሱ ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ እሱን ነው የፈለግኩት።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ሳላ ቤት ድረስ መጣች፤ የጥላውን ነገር ነግሬያት ነበር። ቤቱ ሥር ልብስ እያሰጣን ነው። የሮድሪክን ነጭ ሸሚዝ ከቤቱ ሥር ባለው ድቅድቅ ጥላ ውስጥ፣ የማድሊንን ጥቁር ቀሚስ ደግሞ ውጭ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው።

"ነጩ የቱ ነው?"

"ይኼ" አልን ሁላችንም።

"በብርሃን መለኪያ ብትለኩት ግን ፀሐይ ላይ ያለው ጥቁር ቀሚስ ነው ብዙ ብርሃን ወደ ዓይናችሁ የሚልከው። ዓይናችሁ ግን አልተሞኘም፤ 'ይኼ ጥላ ውስጥ ነው' ብሎ ሒሳቡን አቃንቶታል። እንዲያ ባይሆን ልብሳችሁ በየሰዓቱ ቀለሙ ይቀየርባችሁ ነበር። ያ ካርቶን ላይ የሚያታልላችሁ ብልሃት እዚህ ያድናችኋል።" ከዚያ ለቲርዛ፦ "አንቺ ገና ያልያዝሽው ይኼን ነው። ጥላ የመሬቱ ቀለም አይደለም፣ የብርሃኑ መቅረት ነው። በእጅሽ ተማሪው።"

ቲርዛ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታሰጣ ዋለች፤ እየዳበሰች፣ እያየች፣ ስሙን እየጠራች። ሸሚዝ። ካልሲ። የፒተር ቁምጣ። ፎጣ። መቆንጠጫውን ትቆነጥጣለች፣ ራቅ ብላ ታያለች፣ ተመልሳ ትዳብሳለች። ወደ ማታ ጥላውን ረግጣ አለፈች። ሳትዘል።

ሳላ ስትሄድ ሰማዩን አሳየችኝ፤ ገና ሳይመሽ ጨረቃ ወጥታለች፣ የገረጣች። "እሷ እኮ እንደ አሮጌ አስፋልት ጠቆር ያለች ናት" አለችኝ፤ "ከጎኗ የሚወዳደራት ስለሌለ ነው በጨለማ ነጭ የምትመስለን።" ገርሞኝ ቀረ።

እሁድ፣ ማርች 9

ከሰዓት ተኝቼ ማድሊንና ሮድሪክ ከወለሉ ሥር ሲነጋገሩ ነቃሁ።

"ንገሪያት እንጂ" ይላል እሱ።

"እኔ? የልጇ ዓይን ሳይድን? አንተ ንገራት፣ እዚያው አገር የሠራኸው አንተ።"

"ሰው ሁሉ እያወቀ እሷ ብቻ…"

"ድምፅህን ቀንስ!"

በጊዞ ከተማ ያለችው የማድሊን እህት ነገር ይሆናል። እሷ ከባሏ ጋር ሰላም የላትም። ተነሥቼ ካሳቫ ላጥኩ። ብዙ ላጥኩ፤ ማድሊን "ሠርግ አለ እንዴ?" አለችኝ።

ሄዝሮን በሚቀጥለው እሁድ በቪዲዮ ሊያወራን ቃል ገብቷል። ቲርዛ አባቷን ልታይ ነው! ጣቷ ያውቀዋል፤ ጢሙን፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ። ዓይኗ ግን አያውቀውም።

ዓርብ፣ ማርች 14

ቀዩን ቀሚስ አጠብኩ። ዝናብ ነው፣ አይደርቅም። "እማ፣ አባዬ ሲያየኝ መነጽሩን ላውልቅ?" አለችኝ። ለምን ስላት "ጉጉት እንዳልመስለው።" አታውልቂ አልኳት። አባትሽ ምንም ብትመስዪ… ብዬ ጀመርኩና ቀሚሱን ልጭመቅ ዞርኩ።

እሁድ፣ ማርች 16

የሮድሪክን ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ አቆምን። ቲርዛ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ነው። እኔ ከጎኗ፣ በቀዩ ቀሚስ፣ እርጥብ ነው ገና።

ጠራ። ሥዕሉ መጣ። አንድ ክፍል፣ ትልቅ መስኮት፣ ከመስኮቱ ፊት የሰው ጥላ።

"ቲርዛዬ!" ድምፁ። አምላኬ፣ ድምፁ።

"ፊት የለህም!" አለች ቲርዛ፤ ከዚያ እንደ ሐኪም ኮስተር ብላ፣ "አውቄዋለሁ፤ መስኮቱ ነው። መስኮት ጀርባህ ሲሆን ሰው ቀዳዳ ይሆናል። ወደ ውጭ ውጣ አባዬ።"

ሳቀ፤ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ። ስልኩን ይዞ ሄደ፣ በር ተከፈተ፣ ብርሃን ሆነ። ፊቱ። ወፍሯል። አምሮበታል። ቲርዛ ጮኸች፦ "ታየ! ታየ! ጥርስ አለው! እማ፣ አባዬ ያምራል!" እጇን ወደ መስታወቱ ሰደደች፣ ጠባሳውን ልትዳብስ፤ መስታወት ነክታ እጇን መለሰች። እሱም ዓይኑን ጠረገ። ያንን አይቻለሁ፤ የሱ እንባ ውሸት አልነበረም።

"ሌላስ ምን ይታይሻል?" አላት።

እንግዲህ ያየችውን ሁሉ ስም መጥራት ልማዷ ሆኗል። "ከኋላህ አጥር። ዛፍ። ገመድ፤ የልብስ ገመድ! ሸሚዝ። ሱሪ። እና ትንንሽ ልብስ። የሕፃን ካልሲ።"

ሄዝሮን ዞር ብሎ አየ።

"ከሩቅ ስለሆነ ነው ትንሽ የመሰለሽ" አልኳት። ድምፄ የተረጋጋ ነበር። "ሩቅ ያለ ነገር ያንሳል።"

"አይደለም እማ። ከሱ ሸሚዝ ጎን ነው፣ አንድ ገመድ ላይ። እዪው፣ ጎን ለጎን ናቸው።"

ማድሊን ከማድቤት "ቲርዛ! ነይ ኮኮናት ፈቅፍቂልኝ፣ ቶሎ!" ብላ ተጣራች። ቲርዛ "ቆይ አባዬ፣ እንዳትሄድ" ብላ ተነሣች።

ሁለታችን ቀረን። እሱ መሬት መሬት ያያል። ብዙ ነገር ልል እችል ነበር፤ በመርከብ ላይ፣ በአውቶቡስ ላይ፣ ካሳቫ ስልጥ፣ አሁን ሳስበው ለካ ስዘጋጅ ነው የከረምኩት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ስሙ ማነው?"

"ሩቪና፣ ስሚኝ…"

"ስሙ።"

"ሴት ናት።" ጢሙን አሸ። "ሎይስ ብያታለሁ።"

በእናቱ ስም። ቤቴ ውስጥ፣ ከልጄ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚተኙት እናቱ፤ ሲያስላቸው እያነሣሁ ውኃ የማጠጣቸው።

ቲርዛ እጇ በኮኮናት እንደተለወሰ ተመልሳ መጣች፤ አባቷን እያየችው እስኪጠግቡ አወሩ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ማድሊን እግሬ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። "ልነግርሽ ነበር።" አውቃለሁ። ሰምቼሽ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ይናፍቀኛል። ነገሩ ይኼ ነው። ካወቅኩ በኋላ ይቀራል ብዬ ነበር፤ አልቀረም። ሕፃኗን ይዞ ሲስቅ ይታየኛል፣ እቀናለሁ፣ ከቅናቱ ሥር ደግሞ ናፍቆቱ አለ። በዚህ ደብተር ላይ "ሲመጣ ያነበዋል" ብዬ ነበር። አያነበውም። መጻፌን ግን አልተውኩም።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ዶክተር ቶዛካ ለቀቀችን። መነጽሯን እንዳታወልቅ፣ በየወሩ እንድናሳያት። ሳላ ቲርዛን ስትሰናበታት "ሁሌ እንደተሳሳትሽ ኑሪ" አለቻት። መርከብ ላይ ነን። ሞገድ። በቃ።

ዓርብ፣ ማርች 28፣ ማሮቮ

ትናንት ደረስን። መንደሩ ሁሉ ባሕር ዳር ወጥቷል፤ ዘፈን፣ ጩኸት። ታንኳው ሲጠጋ ቲርዛ ከዚያ ሁሉ ፊት አያቷን ፈለገች፤ ግራ ገባት። ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳል ሰማች፣ ከፈተች፣ በጣቷ ጠቆመች። "ያቺ! ያቺ አያቴ ናት! አሮጊት ነሽ ለካ!" ሰዉ በሳቅ ወደቀ፤ እማማ ሎይስ ግን ውኃ ውስጥ ገብተው እስከ ወገባቸው እርጥብ ሆነው አቀፏት።

ማታ እሳት ዳር ጠየቁኝ። "ልጄን አያችሁት?"

"አየሁት" አለች ቲርዛ፤ "ጥርሱ ያምራል" ብላ ተኛች።

ለብቻችን ስንሆን ነገርኳቸው። እንዳልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ግን ሌላ ሰው በወለል ስንጥቅ ከሚነግራቸው እኔ ልንገር ብዬ ነው። በእርስዎ ስም የምትጠራ የልጅ ልጅ አለችዎት አልኳቸው። እሳቱን ብዙ አዩት።

"ስሜን ሳይጠይቀኝ ወሰደ" አሉ። ቆይተው፦ "ይኼን ቤት ልጄ ሠራው እንጂ ያንቺ ነው። እኔም የማላስቸግርሽ ከሆነ እዚሁ ነኝ።"

"የት ይሄዳሉ? ውኃ ማን ያጠጣዎታል?" አልኩ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ አለቀሱ። እግራቸውን ይዤ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳልሄድ ቲርዛ ደጃፉ ላይ ያዘችኝ። "አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?"

ሁልጊዜ "በቅርቡ" ነው የምላት። አፌ ያንኑ ሊል ተከፍቶ ነበር።

"አላውቅም" አልኳት። "ምናልባት አይመጣም።"

አሰበች። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። "እሺ" አለች። "እንግዲያው ዝም ብለሽ ቁጭ በዪ። አንቺን ገና በደንብ አላየሁሽም።"

ተቀመጥኩ። ፊቷን አስጠግታ ታየኝ ጀመር፤ ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ አፌን። እጇን አልሰደደችም፤ ጉልበቷ ላይ አጥፋ ይዛዋለች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሰው እንዲህ ካየኝ ስንት ዘመን ሆነ፤ ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ፣ ዓይኔን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ።

"አትንቀሳቀሺ" አለችኝ።

አልተንቀሳቀስኩም።